ከየሴቱ ጎን

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ሌላውን «እትዬ ደህና ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ብትሰሙ፣ የሚጠይቀው ስለ ሰው አይደለም። ስለ አንድ ቁራጭ ሰም ነው። ሰሙ ውስጥ ያለው ግን የታላቅ እህቴ ማሕፀን ነው፤ ማለቴ ከማሕፀኗ የተቆረጠ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሥጋ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ አለዚያ አብዳለች ትሉኛላችሁ። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ከሰው ተቆርጦ የመጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይቼ ካንሰር ነው ወይም አይደለም የምል ሐኪም ማለት ነው። በሽተኛ ፊት ለፊት አላገኝም፤ ጠባዬም ለዚያ አይመችም፣ ቶሎ ደሜ ይፈላል። አብዛኛው ሥራዬ የሴቶች ነው። ማሕፀን ከውስጥ በኩል የለበሰው ስስ ሽፋን አለ፤ በየወሩ እየወፈረ የሚፈርሰው እሱ ነው። የዚያ ሽፋን ሴሎች ከደም ውስጥ ሆርሞን የሚቀበሉባቸው ፕሮቲኖች አሏቸው። እደጉ ሲባሉ የሚሰሙት፣ በቃ ሲባሉ የሚያቆሙት በእነሱ ነው። ካንሰር ሲነሳ አንዳንዱ እነዚህን ፕሮቲኖች ይዞ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው በሆርሞን ክኒን አደብ የሚገዛበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ጥሏቸው ይሄዳል። እሱ ማንንም አይሰማም።

ይህን የምንለየው በቀለም ነው። ሥጋው በሰም ይደፈናል፤ ያንን ብሎክ እንለዋለን። ብሎኩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይቆረጥና መስታወት ላይ ተለጥፎ ይቀባል። ፕሮቲኑ ያለው ሴል ቡናማ ይሆናል፤ የሌለው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ቀለሙ ራሱ ባይሠራስ? ለዚህ ሲባል በእያንዳንዷ በሽተኛ መስታወት ጠርዝ ላይ፣ ፕሮቲኑ እንዳለው አስቀድመን የምናውቀው የደህና ሰው ሥጋ አብሮ ይለጠፋል። ኮንትሮል ይባላል። ኮንትሮሉ ቡናማ ከሆነ የበሽተኛዋን ውጤት እናምናለን። ካልሆነ ኮንትሮሉ ወደቀ ይባልና የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ተጥሎ እንደ አዲስ ይጀመራል።

የእኛ ኮንትሮል እህቴ ነበረች። ከዓመታት በፊት ማዮማ በሚባል የማሕፀን እጢ ምክንያት ማሕፀኗ ሲወጣ፣ ገና አልጋ ላይ ሆና፣ «ሚጢ፣ ከምትጥሉት ውሰዱት። እኔ አልሠራሁበትም፣ እናንተ ሥሩበት» ብላ ሳቀች። ልጅ የላትም። ሥጋውን ያኔ ያዩት አሁን ጡረታ የወጡት አስተማሪዬ ነበሩ፤ ንጹሕ ነው አሉ። ንጹሕም ነበር። ቀለሙን ስንሞክርበት እንደዚያ እኩል የሆነ፣ ዓይን የሚሞላ ቡናማ አይተን አናውቅም። ሰሙን የሚቆርጡት ጋሼ እኔ እህቴን የምጠራበትን ስም ሰምተው «በቃ እትዬ ትባል» አሉና ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ የታየች ሴት ሁሉ እህቴን ከጎኗ አድርጋ ነው የታየችው። ለእሷም ነግሬያታለሁ። ደስ አላት።

እህቴ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን በእሷ በኩል ካለው ፍሬን ሳታነሳ፣ «ቀስ! ቀስ በል አልኩህ!» ስትል ትውላለች። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ ዘዴ ነው።

ችግሩ የጀመረው አንድ ረቡዕ ነው። ኮንትሮል የሚቆረጠው ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ጋሼ መስታወቶቹን ይዘው ገቡና ሳይቀመጡ፣ «ዶክተር፣ እትዬ ዛሬ ገርጥታለች» አሉኝ።

«እንዴት ገርጥታለች?»

«አንድ ጥግ ላይ ቀለሙን እምቢ ብላለች። እስኪ እይው።»

አየሁት። ሥጋው ሙሉ ለሙሉ ቡናማ ሆኖ፣ በቀኝ በኩል ትንሽ ጥግ ብቻ ሰማያዊ ቀርቷል።

«አዲሱን ጠርሙስ ከፍታችሁ ነው?»

«አዎ፣ ትናንት።»

«በቃ እሱ ነው። ጣሉትና ይደገም።»

እኛ ሙያ ውስጥ እንዲህ ነው። ኮንትሮል ሲወድቅ ጠርሙሱ ይከሰሳል፣ ውሃው ይከሰሳል፣ ምድጃው ይከሰሳል፣ የቀባው ልጅ ይሰደባል። ኮንትሮሉ ራሱ ግን አይጠየቅም። ዓይናችን ወደ ጠርዙ ሄዶ «ቡናማ ነህ ወይስ አይደለህም?» ይለዋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ በሽተኛዋ ይመለሳል። ቴርሞሜትርን ትኩሳት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት እህቴ ደወለች። «ሚጢ፣ የማይመስል ነገር ልንገርሽ? ማሕፀኔን አመመኝ።»

«የቱን ማሕፀንሽን?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» ብላ ተንከተከተች። እኔም ሳቅኩ። አንጀት ነው፣ ጋዝ ነው አልኳት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሰማያዊው ጥግ ሰፋ። ጠርሙሱን ቀየርን፤ ሰፋ። ምድጃውን አስጠገንን፤ ሰፋ። ቀለሙን የሸጠልንን ሰውዬ በስልክ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ከመጋዘን ሌላ ብሎክ እያወጣን የበሽተኞቹን ሥራ ብንጨርስም፣ በልባችን የምናምነው እትዬን ስለሆነ በየሳምንቱ ተመልሰን እሷን እንቆርጥ ነበር። የወደቀውም መስታወት ወደ ስብርባሪ መጣያው ይወረወራል። እህቴም በየሳምንቱ ትደውላለች። አንዴ «ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ» አንዴ ደግሞ «መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ» ትለኛለች።

ነገሩን ከነገሩ ያገናኙት ጋሼ ናቸው። አንድ ሐሙስ በሩን ከኋላቸው ዘጉና፣ «እህትሽ ትናንት ደውላ ነበር?» አሉኝ።

«ደውላለች። ምነው?»

«ቆርጠናት ነበራ።»

የማየውን መስታወት ከማይክሮስኮፑ ላይ አወረድኩት።

«ባለፈውም የደወለችው በቆረጥናት ቀን ነው። ኮሪደር ላይ ስታወሪ እሰማለሁ። ዶክተር፣ እኔ ስንት ዘመን ሙሉ የሰው ሥጋ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የእሷን ሰም ስይዝ ግን አሁን አሁን ቀልቤ ይገፈፋል።»

«ጋሼ፣ ሰም ነው! ሥጋው ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው! እርስዎም እንዲህ ካሉ እኛ ምን ልንል ነው?»

«እኔ ከእንግዲህ እሷን አልቆርጥም» አሉና ወጡ። በሩን እንኳን አልወረወሩትም። ቢወረውሩት ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ እህቴ ቤት ሄድኩ። የቀሚሷን ወገብ ፈታ አድርጋ ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች። ያቀረበችውን ምግብ እኔን «ብዪ እንጂ» እያለች እሷ ከሁለት ጉርሻ በኋላ እጇን ሰበሰበች። ፊቷ ከስቶ ሆዷ ብቻ ነፋ ብሏል።

«እትዬ፣ ነገ ሄደሽ ሆድሽን አልትራሳውንድ ተነሺ።»

«ለምን?»

«እንዲያው ለማረጋገጥ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ካንሰር ነው ለማለት ነው? ይሁን፣ ነው እንበል። ከዚያስ? እማዬን ያደረጋችኋትን ልታደርጉኝ?»

እናታችን የታመመች ጊዜ እኔ ትንሽ ነበርኩ። ትውከቷን የጠረገችው፣ የረገፈ ፀጉሯን ከትራስ ላይ የለቀመችው፣ ያ በደም ሥር የሚገባ የካንሰር መድኃኒት ጠብታ እስኪያልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ያደረችው እህቴ ናት። በመጨረሻ ጠብታውም አላዳናትም።

«ስሚኝ» አለች፣ ጣቷን አንስታ። «ክኒን ከሆነ ድንጋይ ቢያክልም እውጠዋለሁ። ቢላም ከሆነ እሺ፣ ተቆርጬ አውቃለሁ። ያንን ጠብታ ግን እጄ ላይ አታስሰኪኝም። ብሞትም።»

እህቴ «ብሞትም» ካለች አለቀ። ያንን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ ጠዋት መቁረጫው ፊት ራሴ ተቀመጥኩ። የማደርገውን ለማንም አልነገርኩም፤ ምን ብዬ ልንገር? ብሎኩን ከመያዣው አሰርኩት። በጣም ሳስቷል፤ ያ ሁሉ ዓመት ሲላጥ ቆይቶ ወደ ሥሩ ደርሰናል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ደወልኩላትና ድምፁን ከፈትኩት። ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከክፍሉ አልወጣም ግን አልቀርብም ዓይነት አቋቋም።

«ሄሎ ሚጢ! ተማሪ ይዣለሁ፣ ቶሎ በይ።»

«ዛሬ እንዴት ነሽ?»

«ዛሬስ ደህና ነኝ። ቀለል ብሎኛል… ግራ! ግራ አልኩሽ እኔ፣ ያ ቀኝ ነው! ጉድ እኮ ነው፣ እጇን የማታውቅ ሴት መኪና ልትነዳ…»

መቁረጫውን አንድ ጊዜ አዞርኩት። ቢላዋው ሰሙ ላይ አለፈ፤ ስስ ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ።

የእህቴ ንግግር መሐል ላይ ተቆረጠ። የመኪናው ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማል። የፍሬቻውም ቀጭ ቀጭ ይሰማል። ተማሪዋ ፈራ ተባ እያለች «ቲቸር?» ስትል ሰማሁ።

«ሚጢ» አለች እህቴ። ድምፅዋ ከታች ነው የመጣው።

«አቤት እትዬ።»

«ምን እያደረግሽኝ ነው?»

ምን እያደረግሽ ነው አይደለም ያለችኝ። እያደረግሽኝ ነው ያለችኝ። እጄ ከመዘውሩ ላይ በራሱ ጊዜ ወረደ። ከበሩ በኩል ጋሼ ሲያቃስቱ ሰማሁ።

«ምንም» አልኳት።

«አሁን ሕመሙ ተወኝ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ልጣጩን መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ማልቀስም መሮጥም አማረኝ፤ ሁለቱንም አላደረግኩም። ቀለሙ እስኪቀባ ጠበቅኩና ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቡናማ ነህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። እንደማላውቃት ሴት፣ በሽተኛ ሆና እንደመጣች፣ እህቴን ከዳር እስከ ዳር አየኋት።

ሰማያዊው ጥግ ቀለም ያልደረሰው ሥጋ አልነበረም። ሌላ ሥጋ ነበር። ሴሎቹ ተጨናንቀው ተደራርበዋል፤ አስኳላቸው አብጧል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ገና ሲከፋፈሉ የተያዙም አሉ። ደህናው ሽፋን ሄዶ ሄዶ ያልቅና በአንድ መስመር ላይ እነሱ ይጀምራሉ። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብትጠየቅ ካንሰር ነው ትላለች። ሰማያዊ የሆነውም ፕሮቲኖቹን ስለጣለ ነው።

ተነስቼ ወደ ስብርባሪ መጣያው ሄድኩ። ጋሼ ሳልነግራቸው ገባቸው፤ ጓንት አጠለቁና ሁለታችንም ተንበረከክን። ያልተሰበሩትን ለቅመን በየሳምንታቸው ደረደርናቸው። ጥጉ መጀመሪያ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ነበር፤ ከዚያ እንደ ምስር፤ ከዚያ እንደ ባቄላ። አስተማሪዬ አልተሳሳቱም፤ እሳቸው ያዩት ላይኛውን ነው፣ ይሄ ግን ታች ተቀብሮ ነበር። እኛ ነን ወርደን ወርደን የደረስንበት። ደርሰንም «ኮንትሮሉ ወደቀ» እያልን ወረወርነው። ኮንትሮሉ አንድም ቀን አልወደቀም። እህቴ በየሳምንቱ ስትጮህ እኛ ጠርሙስ ስንቀይር ነበር። በሙያዬ እንደዚያን ቀን አፍሬም ተናድጄም አላውቅም።

ከሰዓት ወደ ማስተማሪያው ሜዳ ሄድኩ። ተማሪዋን አሰናብታ መኪናው ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም አልሸሸግኩም። ካንሰሩ ማሕፀንሽ ውስጥ ያኔውኑ ነበረ፣ ማሕፀኑ ሲወጣ አብሮ ሳይወጣ የቀረ ሴል ካለ ሆድሽ ውስጥ ነው፣ አሁን የሚያምሽ እሱ ሊሆን ይችላል አልኳት። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ሰማችኝ።

«ረቡዕ ረቡዕ ነው አይደል የምትቆርጡኝ?» አለች።

«አዎ።»

«አውቀው ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰማኛል።»

«ከመጀመሪያው ስትዪ?»

«ማሕፀኔ ከወጣ ጀምሮ ነዋ። ያኔ አያምም፤ በር ላይ ቀስ ብሎ ማንኳኳት ነበር። ማመም የጀመረው በቅርቡ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

«ምን ብዬ? ‹ማሕፀኔን አንኳኩብኝ› ብዬ? አንቺ ደግሞ ታውቂበታለሽ፣ የእብድ ሐኪም ትቀጥሪልኛለሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደግሞም ሲንኳኳ፣ አንዲት ሴት እየታየች ነው ብዬ አስብ ነበር። ያለ እኔ ማንንም እንደማታዩ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እና ዝም አልኩ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ።»

አንጀቴን በላችው። አቀፍኳት፤ የማርሽ ዘንጉ ጎኔን እየወጋኝ አቀፍኳት።

በማግስቱ ሆዷን አልትራሳውንድ ተነሣች። አንጀቷን በሸፈነው ስብ ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘ፤ ውሃም መቋጠር ጀምሯል። ቀዶ ሐኪሙ ቶሎ ከሆነ ይወጣል አለ፤ በኋላ ግን ርዝራዡን የሚገድል መድኃኒት የግድ ነው። መድኃኒቱ ክኒን ይሁን ጠብታ የሚወሰነው በእኛ ቀለም ነው። ካንሰር ሲጓዝ አንዳንዴ ጠባዩን ይለውጣል፤ ማሕፀን ውስጥ ፕሮቲኖቹን የጣለው ሆድ ውስጥ ይዟቸው ሊገኝ ይችላል። ጠባብ ተስፋ ናት፤ እኔ ግን ሙጭጭ አልኩባት።

ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባቷ በፊት እህቴ ውሏን አስቀመጠች። «ቡናማ ከሆንኩ ክኒኔን አምጪ። ሰማያዊ ከሆንኩ ግን ቤቴ ውሰጂኝና ተዪኝ። ተስማማን?»

አንሶላዋን ሳብ አድርጌ አስተካከልኩላት።

«ሚጢ» አለች ደግማ። «አሁን እኔ በሽተኛ ሆኜ የለ? ከጎኔ ማንን ታስቀምጫለሽ?»

«ከመጋዘን አንድ ደህና ብሎክ እናወጣለን።»

«የማን?»

«የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዲት ሴት።»

«የማላውቃት ሴት» አለች። አልጋዋን ገፍተው ወሰዷት።

ያቺ ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። ያ ሁሉ ዓመት ለማንም ለማታውቃት ከጎን የቆመች ሰው፣ በራሷ ቀን ባዳ አጠገብ ልትሆን ነው። ፎቅ ላይ ወዳለችው የማሕፀን ሐኪም ጓደኛዬ ወጣሁ። «ከእኔ ናሙና ውሰጂልኝ» አልኳት። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ለኮንትሮል ነው አልኳት። በቀጭን ቱቦ የሚወሰድ ነገር ነው፤ ጥርስ ያስነክሳል እንጂ ጊዜ አይፈጅም። «ሁለታችሁም እህትማማቾች ጤና የላችሁም» እያለች ሰጠችኝ።

የእህቴ እብጠት ወጥቶ እኛ ዘንድ መጣ፤ በሰም ተደፈነ። የእኔም ተደፈነ። ለጥንቃቄ ከመጋዘን የወጣ ብሎክ በሌላ መስታወት እንዲቀባ አደረግኩ፤ ከእህቴ ጎን ግን እኔን አስለጠፍኩ። ጋሼ የሁለታችንን ብሎክ ሲያዩ መቀመጫቸውን ወደ መቁረጫው ሳቡና፣ «እሺ፣ እኔ እቆርጣለሁ» አሉ።

እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሌላ ሴት መስታወት እያየሁ ነበር። ከእምብርቴ በታች፣ ወደ ጀርባዬ በኩል፣ እንዳለ እንኳን አስቤው በማላውቀው ቦታ፣ አንድ ሰው በጣቱ ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

ብዕሬ ወደቀ። ደገመው። ሕመም አይደለም። ቤት ውስጥ ብቻችሁን እንደሆናችሁ እርግጠኛ ሆናችሁ ሳለ፣ ከውስጠኛው ክፍል ሲንኳኳ እንደመስማት ነው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወደ መቁረጫው ክፍል ሄድኩ። ጋሼ ቀና ብለው ፊቴን አዩና መዘውሩን ያዝ አደረጉት።

«ተሰማሽ?»

«አያቁሙ» አልኳቸው።

«ዶክተር…»

«ለእሷ ነው፤ አያቁሙ!»

አዞሩት። ደጃፉን ይዤ እስኪጨርሱ ቆምኩ።

መስታወቱ ተቀብቶ ሲመጣ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩት። የእህቴ ሰማያዊ ነው። አንድ ቡናማ ሴል ባገኝ ብዬ ጥጉን ሁሉ ፈለግኩ፤ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ብርሃኑን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ሰማያዊ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ጠርዙ ሄደ፣ ወደ እኔ። ምናለ በወደቀ ብዬ ለመንኩ። ገርጥቼ ብገኝ፣ አንድ ጥግ እንኳን ቢጎድለኝ፣ ቀለሙ ነው እንላለን፣ ይደገም እንላለን፣ እህቴ አንድ ቀን ታገኛለች። ግን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበርኩ። አንድም ነገር የማይጎድለኝ ደህና ሰው። የራሴን ደህንነት እንደዚያን ጊዜ ጠልቼው አላውቅም። የመጋዘኑም ቡናማ ነው።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። «ኮንትሮሉስ?» አሉ።

«ሠርቷል» አልኳቸው።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ።

«ሰማያዊ ነኝ አይደል?» አለች።

«ነሽ፣ እትዬ።» ከዚያ በላይ አላስቻለኝም፤ ጋሼ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ጠዋት ሲቆርጡኝ ተሰማኝ» አለች። «ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ከጎኔ ሌላ ሰው ሲነካም ተሰማኝ። አወቅኳት።»

ፊቴን በካፖርቴ እጅጌ ጠረግኩ።

«ሚጢ፣ አንቺን አይደል ያስቀመጥሽው?»

«አዎ።»

«ከጎኔ አንቺ ካለሽ ጠብታውን እወስዳለሁ» አለች።

«እትዬ…»

«አልጨረስኩም። እወስዳለሁ፤ አንቺ ግን የራስሽን ሰም አሁኑኑ ከዚያ ቤት አውጪው። እኔ ይበቃኛል የተንኳኳሁት። አንቺን እንዲያንኳኩ አልፈቅድም። በየረቡዑ ማን እንደሚቆርጥሽ ሳስብ ልኖር ነው? አውጪው!»

«ጥሩ ኮንትሮል ነው» አልኳት፣ እንደ ቂል።

«አውጪው አልኩሽ!» አለች። ያቺ ፍሬን ስትረግጥ የምታወጣት ድምፅ ናት።

ጋሼ ስልኩን ሰምተው ኖሮ ብሎኬን ከመያዣው ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ነጭ ካፖርቴን እንኳን ሳላወልቅ ወጣሁ። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ጎርባጣ ነው፣ ታክሲው በነጠረ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሰሙን ያዝ አደርገዋለሁ። ስገባ እህቴ ትራሷን ተደግፋ በሩን በሩን ስታይ አገኘኋት። ከስታለች። ምንም አላለችኝም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች።

ሰጠኋት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ጨበጠችው። የእጇ ሙቀት ከእምብርቴ በታች ተሰማኝ።